የገደል ማሚቶ በፖለቲካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከራስ ወገን ድምፅ በቀር ሌላ አለመስማት ስለሚያመጣው ጣጣና የሌላውን ሐሳብ በአግባቡ ስለመስማት ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገደል ማሚቶ ውስጥ ገባ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የራሱን ሐሳብ ከብዙ አፍ መልሶ እየሰማ ድግግሞሹን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር ሰው ነው። አንድን ወሬ አምስት ቻናሎች ሲያወሩት አምስት ምስክር የተገኘ ይመስላል። ወደ ምንጩ ሲኬድ ግን ብዙ ጊዜ አራቱ ከአንዱ የቀዱት ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ፤ ፈላስፋው ሲ ቲ ንጉየን በ2020 ባሳተመው ጽሑፍ ለይቶ አስቀምጧቸዋል። አንደኛው አረፋ ነው። የሌላው ወገን ድምፅ ጆሮ አልደረሰም፤ ጓደኛውም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ የሚከታተለው ገጽም አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ። ሁለተኛው እውነተኛው ማሚቶ ነው። ድምፁስ ይደርሳል፤ ግን ከመድረሱ በፊት ተናጋሪው «ተከፋይ ነው»፣ «ጠላት ነው»፣ «ከእነሱ ምን ይጠበቃል» ተብሎ ተፈርዶበታል። ስለዚህ ትችት ሲመጣ እምነቱን አያናጋውም። «ይኸው፣ እንዲህ እንደሚሉ ተነግሮን ነበር» ተብሎ ጭራሽ ያጠነክረዋል።

ሁለቱን መለየት የሚጠቅመው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። አረፋን መረጃ ይበሳዋል። ማሚቶው ውስጥ ላለ ሰው ግን መረጃ ቢጨምሩለት ዋጋ የለውም፤ የተበላሸው ማንን ማመን እንዳለበት የሚለይበት መንገድ ነውና። ራስዎን መፈተን ከፈለጉ ወገንዎን የሚያሳፍር ዜና ሲያገኙ መጀመሪያ የሚመጣልዎትን ጥያቄ ያስተውሉ። «እውነት ነው ወይ?» ከሆነ ደህና ነው። «ማን ነው ያለው?» ማለትም ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን እንዳገኙ ዜናውን ሳያነቡ የሚዘጉ ከሆነ ግን ሁለተኛው ዓይነት ችግር አለብዎት።

ጥፋቱ የአልጎሪዝም (ገጻችን ላይ የሚታየውን የሚመርጠው የማሽን ቀመር) አይደለም ወይ?

በከፊል ነው፤ የሚወራውን ያህል ግን አይደለም። ኢንተርኔት ከመምጣቱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት፣ በ1940 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት፣ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በኦሃዮ ግዛት ኢሪ ካውንቲ መራጮችን ለወራት ተከታትለው ነበር። ያገኙት ነገር ሰው በአብዛኛው ጆሮ የሚሰጠው አስቀድሞ ለሚደግፈው ወገን ቅስቀሳ መሆኑን ነው።

በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የፌስቡክ ተመራማሪዎች ጥናት 10.1 ሚሊዮን አሜሪካውያን ተጠቃሚዎችን አይቶ ነበር። የተቃራኒውን ወገን ዜና በይበልጥ የቀነሰው የማሽኑ ደረጃ አሰጣጥ ሳይሆን የሰዎቹ የጓደኛ ምርጫና የትኛውን ሊንክ ተጭነው እንደሚከፍቱ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱን የሠሩት የድርጅቱ የራሱ ሰዎች በመሆናቸው በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። ሆኖም በ2020 ምርጫ ወቅት ከድርጅቱ ውጭ ያሉ ምሁራን የተሳተፉባቸው ትልልቅ ሙከራዎችም ተመሳሳይ ነገር ጠቁመዋል። በአንደኛው ሙከራ ከ23 ሺህ በላይ ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች ከየራሳቸው ጎራ የሚደርሳቸው ይዘት ለሦስት ወር በሲሶ ያህል ተቀነሰ። የፖለቲካ አቋማቸውና ለተቃራኒው ወገን ያላቸው ስሜት በሚለካ ደረጃ አልተለወጠም። በሌላኛው ሙከራ የፌስቡክ ገጽ በጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ እንዲታይ ተደረገ፤ ሰዎቹ ገጹ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ቀነሰ፣ መካረሩ ግን ባለበት ቆየ።

አልጎሪዝሙ ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም። ሮኢ ሌቪ በ2021 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የተቃራኒውን ጎራ ሚዲያ ራሳቸው ላይክ አድርገው ሳለ ፌስቡክ የእነዚያን ሚዲያዎች ልጥፍ ከራሳቸው ጎራ ሚዲያ ባነሰ መጠን እንደሚያሳያቸው ደርሶበታል። ማለትም አንዴ «ተከተል» መጫን አይበቃም፤ ገጹን ራስዎ እየሄዱ መክፈት አለብዎት። ለቴሌግራም ቻናልና ለዋትስአፕ ግሩፕ ደግሞ ይህ ሰበብ አይሠራም። እዚያ የሚያዩት ራስዎ የገቡበትንና ወዳጆችዎ ፎርዋርድ ያደረጉትን ነው።

ብዙው ሰው እንዲህ ታጥሮ ነው የሚኖረው?

አይደለም። ኤልዛቤት ዱቦይስና ግራንት ብላንክ በ2018 በብሪታንያ ኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት ለዚህ አደጋ የተጋለጡት 8 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ብዙው ሰው ወይ ከተለያየ ምንጭ ይሰማል፣ ወይ ፖለቲካን ጭራሽ አይከታተልም።

ችግሩ ጥቂቶቹ ድምፃቸው ብዙ መሆኑ ነው። ፒው የምርምር ማዕከል በ2021 እንዳሳየው በአሜሪካ አዋቂ የትዊተር ተጠቃሚዎች ከተጻፈው ውስጥ 97 በመቶው የመጣው በብዛት ከሚጽፉት ሩብ ያህል ተጠቃሚዎች ነው። እነሱን ብቻ የሚያይ ሰው ተቃራኒው ጎራ በሙሉ እንደነሱ ይመስለዋል። ሞር ኢን ኮመን የተባለው ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት አሜሪካውያን በተቃራኒው ፓርቲ ውስጥ ጽንፈኛ አቋም ያላቸውን ሰዎች ቁጥር ከእውነተኛው ወደ ሁለት እጥፍ አድርገው ይገምቱ ነበር። ለብዙ ጠብ መነሻ የሚሆነው ይህ የተሳሳተ ግምት ነው።

ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ቢሰባሰቡ ምን ክፋት አለው?

መሰባሰቡ መብት ነው፤ ኃይልም ይሰጣል። አደጋው ተቃዋሚ የሌለበት ውይይት ሰውን ከገባበት አቋም ወደ ጫፍ እየገፋ ማስወጣቱ ነው። በ2005 በኮሎራዶ በተደረገ ሙከራ ለዘብተኛ ግራ ዘመም ከሆነችው ቦልደርና ወግ አጥባቂ ከሆነችው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የተውጣጡ ነዋሪዎች በየከተማቸው በትንንሽ ቡድን ተከፍለው በሦስት አከራካሪ ጉዳዮች ላይ ተወያዩ። ከውይይቱ በኋላ እያንዳንዱ በግሉ፣ ስሙ ሳይገለጽ፣ ሲጠየቅ የቦልደሮቹ ይበልጥ ግራ፣ የኮሎራዶ ስፕሪንግሶቹ ይበልጥ ቀኝ ሆነው ተገኙ። በየቡድኑ ውስጥ የነበረው የሐሳብ ልዩነትም ጠበበ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። በስብሰባው የሚሰማው ክርክር ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስለሆነ ሰው ከመጣበት የበለጠ ምክንያት ይዞ ይሄዳል። በዚያ ላይ በወገኑ ዘንድ ለመከበር ከአማካዩ ትንሽ ጠንከር ብሎ መናገር ይፈልጋል፤ ሁሉም ይህን ሲያደርግ አማካዩ ራሱ ይሸሻል። የሚጠራጠር ሰው ቢኖርም ዝም ይላል። ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ ባደረጋቸው ዝነኛ ሙከራዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ተሳታፊዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው የሚያየውን የመስመር ርዝመት ትተው የተሳሳተውን የቡድኑን መልስ ደግመዋል። ትክክለኛውን መልስ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ አጠገባቸው ሲቀመጥ ግን ጫናው በእጅጉ ቀነሰ። አንድ ሰው ይበቃል። ይህ ለግሩፕ አድሚን ትልቅ ነገር ነው፤ ወደታች እንመለስበታለን።

ታዲያ የተቃራኒ ጎራ ሰዎችን መከተል ብጀምር አይበቃም?

አይበቃም፤ ባልሆነ መንገድ ከተደረገ ያባብሳል። ክሪስቶፈር ቤይልና ባልደረቦቹ በ2018 ያሳተሙት ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። አሜሪካውያን የትዊተር ተጠቃሚዎች ተከፍሏቸው ለአንድ ወር አንድ አካውንት ተከተሉ። አካውንቱ በቀን 24 መልእክት ያቀብላቸው ነበር፤ ሁሉም ከተቃራኒው ጎራ ባለሥልጣናት፣ ተንታኞችና ሚዲያዎች የተወሰደ። በወሩ መጨረሻ ሪፐብሊካኖቹ ከበፊቱ ይበልጥ ወግ አጥባቂ ሆኑ። ዴሞክራቶቹ ላይ የታየው ለውጥ ጥቂት ነበር፤ እሱም ወደ ሌላኛው ወገን የሚያቀርብ አልነበረም።

በሌላ በኩል ዴቪድ ብሩክማንና ጆሹዋ ካላ በመስከረም 2020 ወደ ወግ አጥባቂው ጎራ የሚያጋድለውን ፎክስ ኒውስን ዘወትር የሚያዩ ሰዎችን በሰዓት 15 ዶላር እየከፈሉ በሳምንት እስከ 7 ሰዓት ወደ ተቃራኒው ጎራ የሚያጋድለውን ሲኤንኤን እንዲያዩ አደረጉ። ማየታቸውንም በጥያቄ እየፈተኑ አረጋገጡ። ሰዎቹ ቀድሞ ያልሰሟቸውን እውነታዎች አወቁ፣ በአንዳንድ ጉዳዮች ላይ አስተያየታቸውን አስተካከሉ፣ የራሳቸው ጣቢያ የሚያልፋቸው ዜናዎች እንዳሉም ተረዱ። የሌቪ ጥናትም የተቃራኒ ጎራ ሚዲያ መከተል አቋምን ባይለውጥም ለሰዎቹ ያለውን ጥላቻ እንደቀነሰ አሳይቷል።

የውጤቱ ልዩነት ከየት መጣ? አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ የሙከራዎቹ አሠራር ራሱ ግን ብዙ ይናገራል። በቤይል ሙከራ የቀረበው ከፖለቲከኞችና ከጎራ አፈ ቀላጤዎች የተለቀመ አጭርና ግጭት አዘል ንግግር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ንግግር የሚጻፈው የራስን ደጋፊ ለማሞቅ ስለሆነ ከሌላው ጎራ የመጣ አንባቢ እንደተሰደበ ሆኖ ነው የሚሰማው። በሁለተኛው ግን ሰዎቹ ረዘም ያለ ዘገባ፣ ከነአውዱ፣ ለሰዓታት ተከታተሉ። ስለዚህ ከሌላው ወገን ስንት ሰማሁ ከሚለው በፊት ምን ዓይነቱን፣ ከማን፣ በምን ሁኔታ ሰማሁ ብለው ይጠይቁ። የተቃራኒ ጎራን ጯሂዎች መከተል የሌላውን ሐሳብ መስማት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

እኔ ራሴ ማሚቶው ውስጥ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ይቁጠሩ። ስሜት እዚህ ላይ አይታመንም፤ ሁሉም ሰው ራሱን ሚዛናዊ አድርጎ ያያል።

ወረቀት ይዘው ዋናውን ገጽዎን ይክፈቱና ከላይ ጀምረው 50 ልጥፍ ሳይዘሉ ይመዝግቡ። ስፖርቱንና የልደት ምኞቱን ይለፉት፤ የሚቆጠረው ፖለቲካ ነክ የሆነው ነው። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ይጻፉ። ምንጩ ማን ነው? ወደ የትኛው ጎራ ያጋድላል? ዘገባ ነው፣ አስተያየት ነው፣ ወይስ ስድብና ሹፈት? አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ የተቃራኒው ወገን ሐሳብ ካለበት የተናገረው ራሱ ባለቤቱ ነው ወይስ የእኛ ወገን ሰው ስክሪንሾት አንስቶ፣ ከላይ «ጉዳቸውን እዩ» ብሎ የለጠፈው?

ብዙ ሰው የሚደነግጠው በአራተኛው ዓምድ ነው። «የእነሱን ሐሳብማ በየቀኑ ነው የማየው» ይላል፤ ሲቆጠር ግን አብዛኛው በራሱ ወገን እጅ ተቆርጦ የመጣ ነው። የተቆረጠ ንግግር ደግሞ የሚመረጠው በአስቂኝነቱ ወይም በአናዳጅነቱ ነው። ጥሩው ክርክራቸው ስክሪንሾት አይነሳም።

ቆጠራውን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። ትልቅ ክስተት በተፈጠረ ቀን ከተቆጠረ ሁሉም ገጽ ይካረራልና ውጤቱ ይዛባል፤ ቢያንስ ሳምንት ያህል በሚራራቁ ሁለት ተራ ቀናት ያድርጉት። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ግሩፖችን አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው መረጃ የሚመጣው በእነሱ ነው። አንድን ምንጭ «ገለልተኛ» ለማለት ከፈለጉም ተቃራኒው ጎራ ያለ ሰው እንዲሁ ይለው እንደሆነ ያስቡ።

ከዚያ አንድ ፈተና ይቀራል። የማይስማሙበትን አንድ አቋም መርጠው ባለቤቶቹ የሚያቀርቡትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ ስላቅ ሳይኖርበት። ያንን አንቀጽ አቋሙን ለሚደግፍ ሰው ያሳዩት። «አዎ፣ እኔ የምለው ይሄንን ነው» ካለዎት ሐሳቡን ያውቁታል ማለት ነው። «ይሄን ማናችንም አንልም» ካለ ደግሞ እስካሁን የሚታገሉት ከሌለ ሰው ጋር ነበር።

የትኞቹን ምንጮች ልምረጥ?

ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። ሃያ ገጽ በአንድ ቀን መከተል የጀመረ ሰው በሳምንቱ ተናዶ ሁሉንም ይሰርዛል።

አንደኛው ወደዚያ ጎራ የሚያጋድል ነገር ግን ዘገባ የሚሠራ ሚዲያ ይሁን፤ ስህተት ሲፈጥር እርማት የሚያወጣ፣ የጸሐፊውን ስም የሚያሰፍር። ሁለተኛው ረዘም አድርጎ የሚከራከር የዚያ ጎራ ጸሐፊ ይሁን። ጥሩ ምልክቱ ባለፉት ወራት የራሱን ወገን ቢያንስ አንዴ በስም ጠርቶ መተቸቱ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ከራስዎ ጎራ ሆኖ ጎራውን የሚተች ሰው። ከወገን የመጣ ትችት «ጠላት ነው» ተብሎ በቀላሉ አይጣልም፤ ስለዚህ ማሚቶ ውስጥ ላለ ሰው ከሁለቱ ይልቅ ይህ ይቀላል።

በሳምንት ሦስት ቀን ለ20 ደቂቃ ማንበብ ለጀማሪ በቂ ነው። ልጥፍ ሳይሆን ሙሉ ጽሑፍ ይሁን፤ አስተያየት መስጫውን ደግሞ አይክፈቱ። ደም ከሚያፈላው ጉዳይ አይጀምሩ። ማንነትና ጦርነት ነክ ጉዳዮችን ለኋላ አቆይተው በግብር፣ በትምህርት ወይም በጤና ፖሊሲ ላይ ይለማመዱ።

አንድ ክስተት ላይ ሁለት ዘገባዎችን ጎን ለጎን ማንበብም ብዙ ያስተምራል። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ከፍ ይበል የሚል ረቂቅ ቀረበ እንበል። አንደኛው ዘገባ በሠራተኛዋ ይጀምራል፤ የቤት ኪራይዋን፣ የደመወዝ ጭማሪውን መቶኛ ይናገራል። ሁለተኛው በትንሽ ሱቅ ባለቤት ይጀምራል፤ ስንት ሠራተኛ ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። ሁለቱም ውስጥ አንድም ሐሰት ላይኖር ይችላል። ርዕሱን፣ መጀመሪያ የተጠቀሰውን ሰው፣ የተመረጠውን ቁጥርና የተዘለለውን ነገር በብዕር ያስምሩ። ማድላት በአብዛኛው የሚገኘው በተዘለለው ነገር ውስጥ ነው፤ ያንን ለማየት ደግሞ ሁለተኛውን ዘገባ ከማንበብ በቀር መንገድ የለም።

ሳነብ ደሜ ይፈላል፣ ገና ሳልጨርስ መልስ እደረድራለሁ። ምን ይሻለኛል?

ይህ የሁሉም ሰው ጠባይ ነው። በ1979 ቻርልስ ሎርድ፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር የሞት ቅጣትን የሚደግፉና የሚቃወሙ ተማሪዎችን ሁለት ጥናት አስነበቡ፤ አንዱ ቅጣቱ ወንጀል ይቀንሳል የሚል፣ ሌላው አይቀንስም የሚል። ሁለቱም ወገን የሚስማማውን ጥናት ጠንካራ፣ የማይስማማውን እንከን የበዛበት አለው። ተመሳሳይ ማስረጃ አንብበው ይበልጥ ተራርቀው ወጡ።

በ1984 የቀጠለው ሙከራ ለሥራ የሚሆን ነገር አለው። ለአንዱ ቡድን «እንደ ዳኛ ሚዛናዊ ሁኑ» ተባለ፤ ምንም አልፈየደም። ለሌላው ግን «ይኸው ጥናት፣ በዚሁ አሠራር፣ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ትመዝኑት ነበር?» እያላችሁ አንብቡ ተባለ። አድልዎው የታረመው በዚህ ነው። ስለዚህ ለራስዎ «ሚዛናዊ ልሁን» ብለው ቃል አይግቡ፤ ያቺን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፈው አጠገብዎ ያኑሩ። ወገንዎ በዚህ መልክ የተጻፈ ማስረጃ ቢያመጣ ይቀበሉት ነበር? የተቃወሙት መሪ ያደረገውን የሚደግፉት መሪ ቢያደርገው ምን ይሉ ነበር?

ሌላው ዘዴ መልስን ማዘግየት ነው። ጽሑፉን ጨርሰው፣ ትክክል ነው የሚሉትን አንድ ነጥብ አስቀድመው ጽፈው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይከራከሩ። አንድም ነጥብ ካጡ ወይ ጽሑፉ ደካማ ነው ወይ በደንብ አላነበቡትም፤ የተሻለ ጸሐፊ ፈልገው ይሞክሩ።

የስልኬን ቅንብር ብቀይር ይረዳኛል?

ትንሽ ይረዳል። በፌስቡክ ልጥፎችን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ክፍል አለ፤ በኤክስ (በቀድሞው ትዊተር) ደግሞ የሚከተሏቸውን ብቻ የሚያሳይ ገጽ አለ። ዩቲዩብ ላይ የእይታ ታሪክን ማጥፋትና እንዳይመዘገብ ማቆም ይቻላል፤ ሲቆም መነሻ ገጹ ቪዲዮ መጠቆሙን ያቆማል። ማውጫዎቹ በየጊዜው ቦታ ይቀያይራሉና በቅንብር ውስጥ «ታሪክ» እና «ፊድ» የሚመለከቱትን ይፈልጉ። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የዜና ኖቲፊኬሽንን ማጥፋትና የመረጧቸውን ሦስት ምንጮች አድራሻ በብራውዘር ላይ አስቀምጦ ራስ እየከፈቱ መግባት ነው።

ውሸት ከሆነስ? የሌላውን ሐሳብ ልስማ ብዬ ውሸትንም ልታገስ?

አይታገሱ። የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር ምን ይሻላል የሚለው የሐሳብ ልዩነት ነው። ባለፈው ወር ዋጋ ስንት በመቶ ጨመረ የሚለው ግን በቁጥር ይፈታል። ሁለቱን ሳይለዩ «ሁሉም የራሱ እይታ አለው» ማለት ለውሸተኛ በር መክፈት ነው። ሰውን ከሰው በታች የሚያደርግ፣ ለጥቃት የሚጠራ ንግግርም ሚዛን ለመጠበቅ ተብሎ የሚደመጥ አይደለም።

ለማጣራት ገጹ ላይ ተቀምጦ ማፍጠጥ አያዋጣም። ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎችንና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችን አወዳድረው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ በገጹ አርማና በአጻጻፉ ውበት ብዙ ጊዜ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ከገጹ ወጥተው፣ አዲስ ታብ ከፍተው፣ ሌሎች ስለዚያ ድርጅት ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ይህን በስልክ ለማድረግ ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ሼር ከማድረግ በፊት ግን ይሁን።

እርማት መናገር ሰውን ያስገግማል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው። ቶማስ ውድና ኢታን ፖርተር ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ላይ ፈትነው እርማት ሰውን ወደ ባሰ እምነት የሚገፋበት ሁኔታ እጅግ ብርቅ መሆኑን በ2019 አሳይተዋል። አጭር፣ ስድብ የሌለበት እርማት ይጻፉ፤ ትክክለኛውን መረጃ አስቀድመው ሐሰቱን በኋላ ይጥቀሱ።

ከማይስማማኝ ሰው ጋር እንዴት ልነጋገር?

ሰው ሳይበዛበት፣ በአካል ወይም በስልክ። ታዛቢ በበዛበት ግሩፕ ውስጥ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ለታዛቢው ነው።

ካላና ብሩክማን በ2020 ያሳተሟቸው ሦስት የመስክ ሙከራዎች የትኛው ዓይነት ንግግር እንደሚሠራ ለይተዋል። ቤት ለቤት የሄዱት ሰዎች ሳይፈርዱ ጠየቁ፣ የባለቤቱን የሕይወት ገጠመኝ አዳመጡ፣ የራሳቸውንም አካፈሉ፤ ሰነድ ስለሌላቸው ስደተኞችና ስለመሰሉ ከባድ ጉዳዮች የታየው ለውጥ ቢያንስ አራት ወር ቆየ። ይህ የገጠመኝ መለዋወጥ ወጥቶ ክርክሩ ብቻ ሲቀር ለውጥ አልታየም።

በተግባር «ለምን እንዲህ ታስባለህ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ጉዳይ መጀመሪያ አጥብቀህ ያሰብክበት መቼ ነው?» ብለው ይጀምሩ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ተከሳሽ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ታሪክ ያስወራል። ታላቅዎ ከሆነ «እርስዎ» ማለትን አይርሱ፤ የአክብሮት ቃል ሲጠፋ ክርክሩ ስለ ንቀት ይሆናል። የሰሙትን በራስዎ አባባል መልሰው «በትክክል ተረዳሁ?» ይበሉ። እሺታ ሳያገኙ ወደ ራስዎ ነጥብ አይሂዱ። በአንድ ቁጭታ አንድ ጉዳይ ብቻ ያንሱ፤ ንግግሩ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት አንዱ ሲጠብ ወደ ሌላ በደል መዝለል ነው። «አንተም ያን ጊዜ ዝም ብለህ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመጣ ያን ቀን ይብቃ፤ በሌላ ጊዜ ይቀጥሉ።

የግሩፕ አድሚን ነኝ። ምን ላድርግ?

የአሽን ሙከራ ያስታውሱ፤ ግሩፑ ውስጥ ያለውን አንድ የተለየ ድምፅ ይጠብቁ። ስድብን ይሰርዙ፤ ሐሳብን አይሰርዙ። ደንቡን አስቀድመው ፒን ያድርጉ፤ በራስ ወገን ሰው ላይ በመጀመሪያ ሲያስከብሩት ነው የሚታመነው። ዜና የሚለጥፍ ሰው ዋናውን ሊንክ እንዲያያይዝ ይጠይቁ፤ ስክሪንሾት ብቻውን አይበቃም። ውሳኔ ሲኖር ድምፅ መስጫው ስም የማያሳይ ይሁንና ከውይይቱ በፊት ይደረግ። ያኔ ሰዎች ዝም ያሉት ተስማምተው ነው ወይስ ፈርተው የሚለው ይታወቃል።

የሌላውን ብዙ መስማት አቋም አያሳጣም?

የሚከፈል ዋጋ አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። የፖለቲካ ተመራማሪዋ ዳያና ሙትዝ እንዳሳየችው ከተለያየ አቋም ሰዎች ጋር የሚወያዩ ሰዎች የሌላውን ምክንያት ይበልጥ ያውቃሉ፣ የሌላውን መብትም ይበልጥ ያከብራሉ። በፖለቲካ ተሳትፎ ግን ቀዝቀዝ ይላሉ፤ በሁለት ወገን ወዳጅ ያለው ሰው አደባባይ ወጥቶ መጮህ ይከብደዋል። ሁለቱም አስፈላጊ ነውና መድረኩን መለየት ይሻላል፦ በወገን ስብሰባ መሥራት፣ በሥራ ቦታና በወዳጅነት መካከል መስማት። የሥራ ቦታ ሰው ከማይመስለው ሰው ጋር ፖለቲካ ለማውራት ከሚገናኝባቸው ዋነኞቹ ቦታዎች አንዱ መሆኑንም ራሷ ሙትዝ ከጄፍሪ ሞንዳክ ጋር በሠራችው ጥናት አሳይታለች።

ሁሉንም ዘግቼ ብወጣስ?

በ2018 የአሜሪካ ምርጫ ዋዜማ ሰዎች ተከፍሏቸው ፌስቡክን ለአራት ሳምንት ዘግተው ነበር። በቀን 60 ደቂቃ ያህል ተረፈላቸው፣ ደስታቸው በመጠኑ ጨመረ፣ የአቋም መካረራቸው ቀነሰ። ስለ ዜና ያላቸው ዕውቀትም አብሮ ቀነሰ። የሚሰድብዎትና የሚያስፈራራዎት ካለ ይዝጉ፣ አያመንቱ። ለእረፍት ብለው ከዘጉ ግን ዜና የሚያገኙበትን ሌላ መንገድ አስቀድመው ያዘጋጁ።

ይህን ሁሉ ለምን ያህል ጊዜ ልቀጥል?

ሲኤንኤን እንዲያዩ የተከፈላቸው ሰዎች ክፍያው ሲቆም አብዛኞቹ ወደ ቀድሞ ጣቢያቸው ተመለሱ፤ ከሁለት ወር በኋላ የታየው ለውጥ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። የአንድ ወር ዘመቻ እንዲሁ ይጠፋል። በሳምንት ሦስቱን 20 ደቂቃ ከማይዘለል ልማድ ጋር ያያይዙት፣ ለምሳሌ ከጠዋት ቡና ጋር። የ50 ልጥፉን ቆጠራ በየሦስት ወሩ ይድገሙና ከቀድሞው ወረቀት ጋር ያስተያዩ፤ መጀመሪያ የሚያዩት አራተኛውን ዓምድ ይሁን። እዚያ ለውጥ ከሌለ ተጨማሪ ገጽ አይከተሉ፤ ስክሪንሾት የሚያቀብሉዎትን ሁለት ወይም ሦስት አካውንቶች ድምፅ ይዝጉና ከዚያ ይቁጠሩ።